ከጎልደን ዶም ቀጣይ በጀት በፊት፦ ለአሜሪካ ኮንግረስ የጦር ኃይሎች ኮሚቴዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአሜሪካ ሴኔት እና የተወካዮች ምክር ቤት የጦር ኃይሎች ኮሚቴዎች

ጉዳዩ፦ ለብሔራዊ የባሊስቲክ ሚሳይል መከላከያ ተጨማሪ ገንዘብ ከመፈቀዱ በፊት ዓላማውና መለኪያው በሕግ እንዲወሰን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣

ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በጃንዋሪ 2025 ባወጡት ትእዛዝ አገሪቱን ከባሊስቲክ (ወደ ላይ ተወንጭፈው ወደ ዒላማቸው ከሚወድቁ)፣ ከክሩዝ (እንደ አውሮፕላን ከሚበርሩ) እና ከሃይፐርሶኒክ (እጅግ ፈጣን ከሆኑ) ሚሳይሎች የሚከልል ሥርዓት እንዲዘረጋ አዘዋል፤ በሜይ ወር ደግሞ ጎልደን ዶም የሚል ስም የተሰጠው ይህ ሥርዓት 175 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ በሦስት ዓመት አካባቢ ሥራ እንደሚጀምር ተናግረዋል። ኮንግረሱም በዚያው ዓመት ጁላይ ውስጥ በጸደቀው ሕግ ከ24 ቢሊዮን ዶላር በላይ መነሻ ገንዘብ ፈቅዷል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ቀጣዩን ገንዘብ ከመፍቀዳችሁ በፊት ሁለት ጉዳዮች በሕግ ተጽፈው እንዲቀመጡ ለመጠየቅ ነው። አንደኛው ጋሻው ከማን ጥቃት፣ ከምን ያህልስ ጥቃት ሊጠብቀን እንደታሰበ ነው፤ ሁለተኛው ለዚያ ዓላማ መብቃቱ በምን እንደሚለካና በማን እንደሚረጋገጥ ነው።

የሚሳይል መከላከያን በመርህ ደረጃ የምቃወም ሰው አይደለሁም። መንግሥት ዜጎቹን ከሚሳይል ለመጠበቅ መሻቱ ነውር የለበትም። ነገር ግን የዚህን ጉዳይ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ ሰነድ በሰነድ የተከታተለ ሰው አንድ የሚደጋገም ነገር ማየቱ አይቀርም፦ መሣሪያው እንዲሠራ አስቀድሞ ይወሰናል፣ ጠላቱ በኋላ ይፈለግለታል፣ ያ ጠላት አላሳምን ሲል ደግሞ ሌላ ይተካለታል። ከዚህ በታች የማቀርበው ይህንኑ የሚያሳይ ነው፤ የጠቀስኳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሴፕቴምበር 1944 የጀርመን ቪ-2 ሮኬቶች ለንደን ላይ መውደቅ ሲጀምሩ በአየር ላይ ሊያስቆማቸው የሚችል ምንም መሣሪያ አልነበረም። ሁለቱ ኃያላን፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት፣ ይህን ችግር ለመፍታት የወሰደባቸው ጊዜ ብዙዎች ከሚገምቱት ያጠረ ነው። ማርች 4 ቀን 1961 በግሪጎሪ ኪሱንኮ የሚመራው የሶቪየት ቡድን ካዛክስታን ውስጥ በሚገኘው የሳሪ ሻጋን የሙከራ ቦታ የአንድ አር-12 ሚሳይል አረር (ጫፉ ላይ የሚሸከመውን የፈንጂ ክፍል) በአየር ላይ አወደመ፤ ኒኪታ ክሩሽቼቭም ሶቪየት ኅብረት ጠፈር ላይ ያለችን ዝንብ መምታት ትችላለች ብለው ለዓለም ፎከሩ። ጁላይ 19 ቀን 1962 ደግሞ ናይክ ዚዩስ የተባለው የአሜሪካ አምካኝ ሚሳይል (ሌላ ሚሳይልን ለማምከን የሚተኮስ) በፓስፊክ ውቅያኖስ ካለው የኳጃሊን ደሴት ተወንጭፎ ከካሊፎርኒያ የተተኮሰ የአትላስ ሚሳይል አጠገብ ደረሰ። በሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢስተውም፣ ታስቦለት የነበረውን የኒውክሌር አረር ተሸክሞ ቢሆን ኖሮ ያወድመው ስለነበር እንደ ስኬት ተቆጠረ።

ስለዚህ ሚሳይልን በሚሳይል ማምከን ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ በ1962 ተመልሷል። አጥቂው እጁን አጣምሮ ባይቀመጥስ የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። አህጉር አቋራጭ ሚሳይል 30 ደቂቃ ገደማ ከሚፈጀው ጉዞው አብዛኛውን የሚያሳልፈው አየር በሌለበት ጠፈር ነው። አየር በሌለበት ቦታ ቀላልና ከባድ ነገር እኩል ስለሚጓዙ፣ ሚሳይሉ ከአረሩ ጋር በስስ ብረት የተለበጡ ባዶ ፊኛዎችን ቢበትን፣ ወይም አረሩን ራሱን እንደዚያው ባለ ፊኛ ውስጥ ቢሸፍነው፣ እውነተኛው ከማታለያው የሚለይበት መንገድ እጅግ ይጠብባል። ሃንስ ቤተ እና ሪቻርድ ጋርዊን የተባሉት የፊዚክስ ሊቃውንት ይህን በ1968 ማንም አንባቢ ሊገባው በሚችል መንገድ ጽፈው ለሕዝብ አቅርበዋል፤ ሁለቱም በኒውክሌር መሣሪያ ሥራ ውስጥ ያለፉ ሰዎች ስለነበሩ ነገሩን ከዳር ሆነው የሚመለከቱ አልነበሩም። በዚያ ላይ የዚያ ዘመን አምካኝ ሚሳይሎች ራሳቸው ኒውክሌር የታጠቁ ነበሩ። ጁላይ 9 ቀን 1962 ከፓስፊክ ውቅያኖስ በላይ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተፈነዳው የአሜሪካ የሙከራ ቦምብ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሃዋይ የመንገድ መብራቶችን አጥፍቷል። ተከላካዩ በራሱ ሰማይ ላይ እንዲህ ያለ ፍንዳታ በፈነዳ ቁጥር በመጀመሪያ የሚያሳውረው የራሱን ራዳር ነው።

የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ናይክ ዚዩስ እንዲሰማራ አልፈቀዱም። በጁን 1967 በግላስቦሮ፣ ኒው ጀርሲ ከሶቪየቱ ጠቅላይ ሚኒስትር አሌክሴይ ኮሲጊን ጋር በተደረገው ንግግር ላይም አንዱ ወገን መከላከያ ከሠራ ሌላው የጥቃት ሚሳይሉን እንደሚያበዛ ለማስረዳት ሞክረዋል፤ ኮሲጊን ግን የራስን ሕዝብ መከላከል ስህተት ሊሆን አይችልም ብለው አልተቀበሏቸውም።

ማክናማራ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1967 በሳን ፍራንሲስኮ ያደረጉት ንግግር በዚህ ታሪክ ውስጥ ከማውቃቸው ሰነዶች ሁሉ እንግዳው ነው። የንግግሩ አብዛኛው ክፍል ከሶቪየት ጥቃት የሚከላከል ጋሻ መሥራት ለምን ከንቱ እንደሆነ፣ ሶቪየቶች ጥቂት ሚሳይሎች በመጨመር ብቻ ወጪውን ሁሉ ዋጋ ቢስ ሊያደርጉት እንደሚችሉ በሚገባ ያስረዳል። መጨረሻው ላይ ግን ሴንቲኔል የተባለ ቀለል ያለ ሥርዓት ከቻይና ለመከላከል እንደሚሠራ ያስታውቃል። ቻይና በዚያን ጊዜ አህጉር አቋራጭ ሚሳይል አልነበራትም፤ የመጀመሪያውን በሙሉ ርቀቱ የሞከረችው በ1980 ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ግን የ1968 ምርጫ እየቀረበባቸው ነበር፤ የጦር ኃይሎች አዛዦችና የኮንግረስ አባላትም ሶቪየቶች በሞስኮ ዙሪያ መከላከያ እየሠሩ አሜሪካ ለምን ዝም ትላለች እያሉ ይወተውቷቸው ነበር። ክርክሩ በአንድ አቅጣጫ ሄዶ ውሳኔው በሌላ አቅጣጫ ሲወጣ፣ በመካከል የተፈጠረውን ክፍተት ለመሙላት ቻይና ተጠራች።

ቻይናም ብዙ አልቆየችም። የጦሩ ሰዎች ኒውክሌር የታጠቁትን አምካኞች በቦስተን፣ በቺካጎና በሲያትል አካባቢ ለመትከል ቦታ መምረጥ ሲጀምሩ ነዋሪው ተነሣባቸው። አዲሱ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ሥራውን አስቁመው ማርች 14 ቀን 1969 ሴፍጋርድ በሚል አዲስ ስም አመጡት። ስፓርታንና ስፕሪንት የተባሉት ሚሳይሎች እነዚያው ነበሩ፣ ራዳሮቹም እነዚያው ነበሩ፤ የተለወጠው ከተሞችን መጠበቁ ቀርቶ በምድር ውስጥ ጉድጓድ የተቀመጡትን የአሜሪካን ሚኒትማን የኒውክሌር ሚሳይሎች እንዲጠብቅ መደረጉ ነው። በኦገስት 1969 ሴኔቱ በጉዳዩ ላይ 50 ለ50 ስለተከፈለ ምክትል ፕሬዚዳንት ስፒሮ አግኒው ራሳቸው ድምፅ እስከ መስጠት ደርሰዋል።

የዚያ ድምፅ ፍሬ በሰሜን ዳኮታ ኔኮማ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ጫፉ የተቆረጠ ትልቅ የኮንክሪት ፒራሚድ ሆኖ ዛሬም ቆሟል። ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ኦክቶበር 1 ቀን 1975 በሙሉ አቅሙ ሥራ ጀመረ፤ በማግስቱ የተወካዮች ምክር ቤት እንዲዘጋ ድምፅ ሰጠ፤ በ1976 መጀመሪያም ተዘጋ። በ1972 ኒክሰንና ሊዮኒድ ብሬዥኔቭ በሞስኮ የፈረሙት የፀረ-ባሊስቲክ ሚሳይል ስምምነትና የ1974 ማሻሻያው እያንዳንዱ አገር ከአንድ ቦታና ከ100 አምካኝ ሚሳይሎች በላይ እንዳይኖረው ገድቦ ነበር፤ 100 አምካኞችን ደግሞ የሶቪየት ብዙ አረር ተሸካሚ ሚሳይሎች በቀላሉ ሊያጥለቀልቋቸው ይችሉ ነበር። ከሥርዓቱ እስከ ዛሬ እያገለገለ ያለው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በካቫሊየር የሚገኘው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ራዳር ነው። የሚያየው ክፍል ሃምሳ ዓመት ሲያገለግል የሚተኩሰው ክፍል ጥቂት ወራት መቆየቱን የበጀት ቅድሚያ በምትሰጡበት ጊዜ ብታስቡት ደስ ይለኛል።

ብዙ አረር የሚሸከሙት ሚሳይሎች ከየት መጡ የሚለውን መጠየቅ እዚህ ላይ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም መልሱ እኛን ራሳችንን ይመለከታል። አሜሪካ በ1970 ሦስት ሦስት አረር የተሸከሙ ሚኒትማን 3 ሚሳይሎችን ማሰማራት ስትጀምር ከተሰጡት ዋና ምክንያቶች አንዱ የሞስኮን መከላከያ በብዛት መርታት ነበር። ብሪታንያም እንዲሁ አደረገች፤ ሞስኮን የመድረስ አቅሟን ላለማጣት ሼቫሊን የተባለ የማታለያ ሥርዓት በምሥጢር ሠርታለች፤ ወጪው ወደ አንድ ቢሊዮን ፓውንድ መድረሱ ለፓርላማው የተነገረውም በ1980 ነው። በሞስኮ ዙሪያ የተተከሉት አምካኞች 64 ብቻ ነበሩ። ጥቂት ደርዘን አምካኞች ሁለት አገሮችን ይህን ያህል አረርና ማታለያ ካሠሯቸው፣ ሩሲያና ቻይና ለጎልደን ዶም የተለየ ምላሽ ይሰጣሉ ብሎ ለመጠበቅ ምን ማስረጃ አለን?

ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ማርች 23 ቀን 1983 ያስጀመሩት ስትራቴጂያዊ የመከላከያ ተነሳሽነት የተባለው የሚሳይል መከላከያ ፕሮግራም በእናንተ ትውልድ ዘንድ ይበልጥ ስለሚታወቅ አላተኩርበትም። በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 30 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶበት፣ በኤክስሬይ ሌዘር ተጀምሮ በሺዎች በሚቆጠሩ ትንንሽ የጠፈር አምካኞች ዕቅድ ተጠናቆ፣ አንድም መሣሪያ ጠፈር ላይ ሳይሰማራ በ1993 ስሙና ዓላማው ተለወጠ። ከዚያ ዘመን መወረስ የሚገባው አንድ ነገር ግን አለ። የሬገን የጦር መሣሪያ ድርድር አማካሪ ፖል ኒትሴ በፌብሩዋሪ 1985 ባደረጉት ንግግር ማንኛውም መከላከያ ከመሰማራቱ በፊት ሁለት ፈተናዎችን ማለፍ እንዳለበት ተናግረዋል። ሥርዓቱ ራሱ ሲጠቃ መትረፍ መቻል አለበት፤ ጠላት አንድ ተጨማሪ ሚሳይል ለመሥራት ከሚያወጣው ይልቅ ያንን ሚሳይል ለማምከን የሚወጣው ገንዘብ ማነስ አለበት። ኒትሴ ለሶቪየት ኅብረት ልባቸው የሳሳ ሰው አልነበሩም፤ ከ1950 ጀምሮ ለጠንካራ ትጥቅ ሲከራከሩ የኖሩ ናቸው። ፈተናውን ያወጡትም የገዛ ፕሬዚዳንታቸው የሚወደው ፕሮግራም በሂሳብ እንዲመራ ፈልገው ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣ አንድም ብሔራዊ ሥርዓት እነዚህን ሁለት ፈተናዎች ማለፉ በይፋ ተረጋግጦ አያውቅም።

ስለ ማረጋገጫ ከተነሣ የ1991ዱን የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ማለፍ አይቻልም። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብሊው ቡሽ በጦርነቱ መካከል ፓትሪዮት የተባለው አምካኝ ሚሳይል የሚሠራበትን ፋብሪካ ሲጎበኙ ከ42 የኢራቅ ስከድ ሚሳይሎች 41ዱ መመታታቸውን ለሠራተኞቹ ነገሩ። ጦሩ ቁጥሩን ደጋግሞ ዝቅ ካደረገው በኋላ የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ1992 ባቀረበው ሪፖርት የስከዱ አረር ስለመውደሙ ጠንካራ ማስረጃ የተገኘው ከግጥሚያዎቹ 9 በመቶ በሚሆኑት ላይ ብቻ መሆኑን አስታወቀ። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 በዳህራን፣ ሳዑዲ ዐረቢያ አንድ ስከድ የአሜሪካ ወታደሮች ሰፈር ላይ ወድቆ 28 ሰዎች ሲገድል፣ በአካባቢው የነበረው የፓትሪዮት ምድብ ኮምፒውተር ከ100 ሰዓት በላይ ሳይጠፋ በመሥራቱ ሰዓቱ በሴኮንድ ሲሶ ያህል ተዛብቶ ሚሳይሉን በተሳሳተ የሰማይ ክፍል ይፈልገው ነበር። እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ጉድለት የሚያወጣው ከእውነተኛው ሁኔታ ጋር የተቀራረበ ሙከራና ውጤቱን ለመናገር የማይፈራ መርማሪ ነው።

ዛሬ አገሪቱን የሚጠብቀው ሥርዓት የተወለደው በሌላ ጠላት ስም ነው። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ዶናልድ ራምስፌልድ የመሩት ኮሚሽን በጁላይ 1998 ሰሜን ኮሪያና ኢራን ከተገመተው ቀድመው አህጉር አቋራጭ ሚሳይል ሊኖራቸው እንደሚችል አስጠነቀቀ፤ ኦገስት 31 ቀን ሰሜን ኮሪያ በጃፓን ላይ የሚያልፍ ሮኬት ተኮሰች፤ በ1999 ኮንግረሱ ቴክኖሎጂው እንደፈቀደ ወዲያውኑ፣ ውስን ከሆነ የባሊስቲክ ሚሳይል ጥቃት የሚከላከል ሥርዓት እንዲሰማራ በሕግ ደነገገ፤ ሴኔቱ ያጸደቀው በ97 ለ3 ድምፅ ነበር። ስጋቱ ባዶ እንዳልነበር መመስከር ይገባኛል፤ ሰሜን ኮሪያ በጁላይ 2017 የመጀመሪያውን አህጉር አቋራጭ ሚሳይሏን ሞክራለች፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በጠጣር ነዳጅ የሚሠራ አላት። ነገር ግን ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በሴፕቴምበር 2000 ቴክኖሎጂው ገና አላሳመነኝም ብለው ያቆዩትን ውሳኔ፣ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ ከ1972ቱ ስምምነት በጁን 2002 አገሪቱን አስወጥተው፣ የሚሳይል መከላከያ ኤጀንሲንም ከመደበኛው የጦር መሣሪያ ግዥ ሥርዓት ነጻ አድርገው በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈጸም አዘዙ። የመጀመሪያው አምካኝ በጁላይ 2004 አላስካ ውስጥ ፎርት ግሪሊ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። በዚያው ዲሴምበርና በቀጣዩ ፌብሩዋሪ በተደረጉት ሁለት ሙከራዎች አምካኙ ከጉድጓዱ አልወጣም።

አሁን 40 አምካኞች በፎርት ግሪሊ፣ 4 ደግሞ በካሊፎርኒያ ቫንደንበርግ አሉ። ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶባቸዋል። ከ1999 ጀምሮ ከተደረጉት 20 ገደማ የማምከን ሙከራዎች የተሳካላቸው ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት ናቸው፤ ያውም የዒላማው ዓይነትና የሚመጣበት አቅጣጫ ለሞካሪዎቹ አስቀድሞ በሚታወቅበት ሁኔታ። አህጉር አቋራጭ ሚሳይልን የሚመስል ዒላማ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመታው በሜይ 2017 ነው፤ ሥርዓቱ ሥራ ላይ ውሏል ከተባለ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ አልፎ። የአምካኙን ራስ ለመተካት የተጀመረው ፕሮጀክት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፈጀ በኋላ በ2019 ተሰርዟል። ለአንድ መጪ አረር አራት አምካኝ ይተኮሳል ብለን ብንነሣ 44ቱ የሚበቁት ለ11 አረር ነው፤ ማታለያዎቹ ከአረሮቹ ካልተለዩ ደግሞ ለዚያም አይበቁም።

የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣ ከዚህ በኋላ የሆነው የእናንተ ሥራ ነው። በዲሴምበር 2016 በጸደቀው ዓመታዊ የመከላከያ ሕግ የ1999ኙ ድንጋጌ ተሻሽሎ፣ ጋሻው ውስን ጥቃትን ለመከላከል ነው ይል የነበረው ገደብ ወጣ። ይህን ያህል ትልቅ የፖሊሲ ለውጥ ያገኘው ክርክር እጅግ ጥቂት ነው። የ2025ቱ ትእዛዝ አቻ ኃያላንንም በግልጽ ሲጠቅስ በሩ ተከፍቶ ነበር የጠበቀው። አንድ ሥርዓት በጥቂት የሰሜን ኮሪያ ሚሳይሎች ልክ ተሠርቶ፣ በበቂ ሁኔታ ሳይፈተን፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሚሳይሎች ያላቸውን አገሮች እንዲገታ ዓላማው ሰፋ። በ1969 ጠላቱ ተቀይሮ መሣሪያው ባለበት እንደቀረው ሁሉ ማለት ነው፤ ልዩነቱ በዚያን ጊዜ ሴኔቱ ለሁለት እስኪከፈል ድረስ መከራከሩ ነው።

ሩሲያና ቻይና ዝም ብለው እንዳልተመለከቱ ታውቃላችሁ። ቭላድሚር ፑቲን ማርች 1 ቀን 2018 ከባድ ሚሳይል፣ ተንሸራታች የሃይፐርሶኒክ ተሽከርካሪ፣ በኒውክሌር ኃይል የሚጓዝ የክሩዝ ሚሳይልና በባሕር ሥር የሚሄድ ቶርፔዶ ሲያስተዋውቁ የሰጡት ምክንያት አሜሪካ ከ1972ቱ ስምምነት መውጣቷን ነው። ቻይና በ2021 በምዕራባዊ በረሃዎቿ በመቶዎች የሚቆጠሩ የማስወንጨፊያ ጉድጓዶች እየቆፈረች መሆኑ በሳተላይት ምስል ታይቷል። ይህ ሁሉ በእኛ አምካኞች ምክንያት ብቻ የመጣ ነው አልልም፤ የየራሳቸው ምኞትና ስጋትም አላቸው። ሆኖም በ2010 በፕራግ የተፈረመው፣ የአሜሪካንና የሩሲያን የኒውክሌር መሣሪያዎች የሚገድበው የአዲሱ ስታርት ስምምነት መግቢያ በጥቃት መሣሪያና በመከላከያ መሣሪያ መካከል ትስስር መኖሩን በጽሑፍ ያረጋገጠ ሲሆን፣ አሜሪካ የፈረመችበት፣ ሴኔቱም ያጸደቀው ነው።

የጎልደን ዶም ትልቁ አዲስ ነገር ጠፈር ላይ የሚቀመጡት አምካኞች ናቸው፤ ትልቁ ጥያቄም እዚያው ላይ ነው። ሐሳቡ ሚሳይሉ ማታለያዎቹን ከመበተኑ በፊት፣ ሞተሩ ገና እየነደደ ሳለ መምታት ነው። ይህ የማታለያውን ችግር ይፈታል፤ ሐሳቡን የሚደግፉ ሰዎች በዚህ እውነት አላቸው። ነገር ግን በጠጣር ነዳጅ የሚሠራ ሚሳይል ሞተሩ የሚነደው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ዝቅ ባለ ምሕዋር ላይ ያለ ሳተላይት ደግሞ ምድርን በ90 ደቂቃ ገደማ ይዞራታል፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ አይጠብቅም። በመሆኑም በአንድ ቅጽበት ከሚተኮስበት ቦታ በላይ በበቂ ርቀት የሚገኙት ከጠቅላላው እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው፤ ሌሎቹ በውቅያኖስና በሌሎች አህጉራት ላይ ናቸው። ጠላት በአንድ አካባቢ አሥር ማስወንጨፊያ አሰልፎ በአንድ ጊዜ ቢተኩስ የእኛ ሳተላይቶች ቁጥር በዚያው መጠን ማደግ አለበት፤ እሱ አሥር ሲጨምር እኛ በመቶዎች፣ ምናልባትም በሺዎች እንጨምራለን። ዝቅ ባለው ምሕዋር ላይ ያለው ስስ አየር ስለሚጎትታቸው ደግሞ በየጥቂት ዓመቱ መተካት ይኖርባቸዋል። የኮንግረስ የበጀት ጽሕፈት ቤት በሜይ 2025 እንዳስታወቀው፣ እንደ ሰሜን ኮሪያ ካለ አገር የሚተኮሱ አንድ ወይም ሁለት ሚሳይሎችን ለመምታት የሚበቃ የጠፈር ሥርዓት በ20 ዓመት ውስጥ ከ161 እስከ 542 ቢሊዮን ዶላር ሊፈጅ ይችላል። ለአንድ ወይም ለሁለት ሚሳይል ነው። ይህን ቁጥር ከኒትሴ ሁለተኛ ፈተና አጠገብ አስቀምጡት።

የመጀመሪያው ፈተናም አለ። ቻይና በጃንዋሪ 2007፣ ሩሲያ በኖቬምበር 2021 ሳተላይት በሚሳይል መምታት እንደሚችሉ አሳይተዋል፤ አሜሪካም በፌብሩዋሪ 2008 የገዛ የተበላሸ ሳተላይቷን የመታችው ለሚሳይል መከላከያ በተሠራ ኤስኤም-3 ነው። የሚሄድበት መንገድ ለዓመታት አስቀድሞ የሚታወቅ ሳተላይት በድንገት የሚመጣ ሚሳይልን ከመምታት ይልቅ ለመምታት ይቀላል።

በዚህ ላይ የሚቀርብ አንድ መልስ አለ፤ በእስራኤልና በዩክሬን የታየው ስኬት ነው። እውነት ነው፤ በሜይ 2023 ፓትሪዮት በኪየቭ ሰማይ ላይ የሩሲያን ኪንዣል ሚሳይል መትቷል፣ በኤፕሪል 2024 እስራኤልና አጋሮቿ ከኢራን የተተኮሰውን አብዛኛውን መሣሪያ አምክነዋል። ለዚህም ነው በቦታ የተወሰነ፣ አጭርና መካከለኛ ርቀት የሚጓዙ ሚሳይሎችን የሚያመክን መከላከያ ተጨማሪ ገንዘብ ይገባዋል ብዬ የማምነው፤ የማምረት አቅሙ ከፍጆታው ጋር እንዳልተመጣጠነም የ2025ቱ የኢራን ጦርነት አሳይቷል። ነገር ግን ለጎልደን ዶም ስሙን ያዋሰው የእስራኤሉ አይረን ዶም 70 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚጓዙ ሮኬቶች ለመከላከል የተሠራ ነው፤ የአሜሪካ የቆዳ ስፋት ከእስራኤል 400 እጥፍ በላይ ነው፤ አህጉር አቋራጭ አረር የሚመጣበት ፍጥነት በሰከንድ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በእነዚያ ጦርነቶች ከአሥር አንዱ ቢያልፍ የሚደርሰው ጉዳት ሕንጻ ወይም ሰፈር ነው፤ በኒውክሌር ጥቃት ከአሥር አንዱ ቢያልፍ አንድ ከተማ ነው። በአንደኛው 90 በመቶ ድል ነው፤ በሌላኛው ግን ድል ብሎ የሚጠራው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው ዓመታዊ የመከላከያ ሕግ ጋሻው ከየትኞቹ አገሮች፣ ከስንት ሚሳይልና ከምን ዓይነት ማታለያ እንዲከላከል እንደታሰበ በቁጥር ይጻፍ። ሩሲያና ቻይና የሚካተቱ ከሆነ በግልጽ ይባል፤ የስለላ ተቋማትም ለዚህ ሊሰጡ ስለሚችሉት ምላሽ ለሕዝብ ሊወጣ የሚችል ግምገማ እንዲያቀርቡ ይታዘዙ፤ የኒትሴ ሁለት ፈተናዎች ደግሞ ከንግግር ወጥተው የሕግ ቅድመ ሁኔታ ይሁኑ። ወጪውን የሚያነጻጽረው ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት መሆን የለበትም፤ የበጀት ጽሕፈት ቤታችሁና የኦዲት መሥሪያ ቤታችሁ ለዚህ በቂ ባለሙያ አላቸው። ውስን ጥቃትን መከላከል ብቻ ከሆነ የታሰበው ደግሞ በ2016 የወጣው ገደብ ይመለስ፤ ከሩሲያና ከቻይና ጋር ወደፊት ለሚደረግ ማንኛውም ድርድርም ያ ገደብ ጠቃሚ መነሻ ይሆናል።

የሚሳይል መከላከያ ኤጀንሲ ከ2002 ጀምሮ ከመደበኛው የግዥና የሙከራ ሥርዓት ነጻ ሆኖ የቆየበት ጊዜም እንዲያበቃ እጠይቃለሁ። ነጻነቱ የተሰጠው ሥራው ይፈጥናል ተብሎ ነበር፤ ከላይ የዘረዘርኩት ታሪክ ግን ለፍጥነቱም ለጥራቱም ማስረጃ አይሆንም። አንድም የጠፈር አምካኝ በብዛት እንዲመረት ከመታዘዙ በፊት ሞካሪዎቹ ባላወቁት ሰዓት፣ ከአንድ በላይ በሆኑ ዒላማዎችና ከእውነተኛው በማይለዩ ማታለያዎች ሊፈተን ይገባል። ይህን ፈተና በገለልተኝነት የሚዳኘው በ1983 ኮንግረሱ ራሱ ያቋቋመው የፔንታጎን የአሠራር ሙከራና ግምገማ ዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት ነው፤ በሜይ 2025 ግን የሠራተኞቹ ቁጥር በግማሽ ያህል እንዲቀነስ ታዝዟል። በታሪካችን ውዱ ሊሆን የሚችለው መሣሪያ ሲጀመር መርማሪውን ማሳነስ በምን ምክንያት እንደተወሰነ የመከላከያ ሚኒስትሩን ለሕዝብ ክፍት በሆነ የኮሚቴ ስብሰባ ጠይቋቸው፤ ጽሕፈት ቤቱም ለጎልደን ዶም ብቻ የሚመደቡ ባለሙያዎችና የራሱ በጀት በሕግ እንዲኖረው አድርጉ። የመጀመሪያው የሙከራ ሪፖርቱ ለኮሚቴዎቻችሁ ሳይቀርብና ምሥጢር ያልሆነው ክፍሉ ለሕዝብ ሳይታተም ሁለተኛው ዙር ገንዘብ እንዳይለቀቅ እጠይቃለሁ።

በአክብሮት፣

አንድ ግብር ከፋይና መራጭ